ከሪኳየርመንት ጽሁፍ ቴስት ኬስ በራሱ እንዲወጣ ማድረግ፣ በአንድ የፒያሳ ዕቁብ አፕ እያየን

የሪኳየርመንቱን ዶክመንት (ሶፍትዌሩ ምን እንዲሰራ እንደሚፈለግ የተጻፈበትን) ኮፒ አድርጎ ቻትጂፒቲን ወይ ክላውድን በመሰለ ኤአይ ላይ (ከዚ በኋላ ሞዴል የምለው እሱን ነው) ለጥፎ "ቴስት ኬስ አውጣልኝ" ማለት ይቻላል (ቴስት ኬስ ማለት ሶፍትዌሩ በትክክል መስራቱ የሚሞከርበት አንድ ሁኔታ ከሚጠበቀው ውጤቱ ጋር ነው)፣ ይወጣልም፣ ያውም ገጽ በገጽ በሰንጠረዥ ተሰድሮ፣ ማናጀር ሲያየው ስራ የተሰራ ይመስለዋል። ቁጭ ብላችሁ ስታነቡት ግን ብዙው ያንኑ ነገር እየደጋገመ ነው፣ ሌላው ደግሞ ዶክመንቱ ላይ ጭራሽ የሌለ ህግ ነው (ፓስወርድ ሶስቴ ከተሳሳተ ይቆለፍ ምናምን፣ ማን ጠየቀህ?)፣ ብር የሚያስጠፋው ዋናው ኬስ ደግሞ የለም። ስለዚ እዚ በብዛት የምጽፈው ኬስ ከመውጣቱ በፊት ስላለው ስራ ነው፣ እሱ ከተስተካከለ ማስወጣቱ የደቂቃዎች ነገር ነው። እኔ የማምንበት ቅደም ተከተል መጀመሪያ ማሽኑ ይጠይቅ፣ መልሱን ከሰው አምጡ፣ ቁጥሩንና ሰዓቱን በፕሮግራም አስወጡ፣ ኬሱ መጨረሻ ላይ ይጻፍ ነው።

ምሳሌ ያስፈልገናል። እንበል ፒያሳ ሱቅ የነበራቸው ነጋዴዎች ዕቁብ አላቸው፣ ኮሪደር ልማቱ ሲመጣ አንዱ መርካቶ አንዱ ሳሪስ አንዱ ቦሌ ተበተነ፣ ድሮ እሁድ እሁድ አንድ ቤት ተሰብስበው ያወጡት የነበረውን ዕጣ በስልክ ይሁንልን ብለው አራት ኪሎ ያለ አንድ ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ መጡ። የዕቁቡ ጸሐፊ በወረቀት ጽፈው የሰጡት ይሄን ነው፦

"አባላት በየሳምንቱ ቅዳሜ እስከ 12 ሰዓት መዋጮ መክፈል አለባቸው። ዘግይቶ የከፈለ ይቀጣል። ዕጣ የሚወጣው ለከፈሉት ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሲያቀርብ ብሩን ይወስዳል።"

ለዕቁብተኛ ይሄ በቂ ነው፣ የቀረውን ሁሉም ያውቀዋላ። ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው ግን ክፍት በር ነው፣ ዴቨሎፐሩ ያልተጻፈውን ከራሱ ይሞላል፣ ኪውኤዋም (ሶፍትዌሩን የምትሞክረው) ከራሷ ትሞላለች፣ ሁለቱ ከተለያየ ሙሌት ተነስተው ኋላ ጂራ (ስራና ስህተት የሚመዘገብበት ሲስተም) ላይ ይጨቃጨቃሉ።

መቁረጥና ቁጥር መስጠት

መጀመሪያ ጽሁፉን ወደ ትንንሽ ህጎች ቁረጡት፣ አንድ ህግ አንድ ነገር ብቻ ይናገር፣ ለእያንዳንዱም ቁጥር ስጡት (መ-1፣ መ-2 እያላችሁ)። ቁጥሩ የማይረባ ይመስላል ግን ኋላ ላይ "ይሄ ኬስ ከየት መጣ?" ሲባል የሚያድናችሁ እሱ ነው። ለአጻጻፉ ኢርስ የሚባል ዘዴ አለ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. አሊስተር ማቪንና ባልደረቦቹ ሮልስ ሮይስ ውስጥ ለጄት ሞተር መቆጣጠሪያ ሪኳየርመንት ሲሰሩ ያወጡት ነው። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ እያንዳንዱ ህግ ከጥቂት ቅርጾች አንዱን ይይዛል፦ ሁሌ የሚሰራ፣ አንድ ነገር ሲከሰት የሚሰራ፣ አንድ ሁኔታ እያለ ብቻ የሚሰራ፣ ችግር ከመጣ የሚሰራ፣ እና አንድ ፊቸር ካለ ብቻ የሚሰራ። "ዘግይቶ የከፈለ ይቀጣል" የሚለውን በዚ ስትጽፉት "አባሉ ከመዝጊያው ሰዓት በኋላ ሲከፍል ሲስተሙ ይሄን ያህል ብር ቅጣት ይጨምራል" ይሆናል፣ እና ወዲያው "ይሄን ያህል" የምትለዋ ቦታ ባዶ ሆና ትታያችኋለች። ቅርጹ የሚጠቅመው ለዚ ነው፣ ለውበት አይደለም።

ማሽኑ ይጠይቅ

አሁን ወደ ሞዴሉ እንሂድ፣ ግን ኬስ እንዲጽፍ አይደለም። እኔ የምጠቀምበት ፕሮምፕት (ለሞዴሉ የምሰጠው ትእዛዝ) በግምት እንደዚ ነው፦

"ከታች ያለውን ሪኳየርመንት አንብብ። ቴስት ኬስ እንዳትጽፍ። እያንዳንዱን ህግ ለብቻው ነጥለህ ቁጥር ስጠው። ለእያንዳንዱ ህግ ማን እንደሚያደርገው፣ በምን ሁኔታ፣ ውጤቱ ምን እንደሆነ ጻፍ። ቁጥር ወይ ሰዓት ካለበት ጫፉ ራሱ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ የሚለውን ጻፍ። ጽሁፉ ውስጥ ያላገኘኸውን 'አልተጻፈም' በልና ጥያቄ አድርገው። ከራስህ አትሙላ።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትዘሏት፣ እሷ ካልተጻፈች ሞዴሉ ሌላ ቦታ ያነበበውን የባንክ አፕ ህግ ሁሉ ያመጣላችኋል። አማርኛ ጽሁፍ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ብዙ ቶክን (ሞዴሉ ጽሁፍ የሚከፋፍልበት ቁራጭ) ነው የሚበላው፣ ስለዚ መቶ ገጽ በአንዴ አትወርውሩበት፣ በየክፍሉ ስጡት፣ በየክፍሉ ሲሆን ትኩረቱም ይሻላል።

ጥያቄዎቹ ሲመጡ ግማሾቹ ቂል ይመስላሉ፣ ግን ሁሉንም ይዛችሁ ወደ ባለቤቱ ሂዱ።

"ጋሼ፣ 12 ሰዓት ሲሉ የማታውን ነው?"

"ታዲያ በጠዋት ሱቅ ሳይከፈት ማን ይከፍላል ልጄ?"

"ልክ 12 ላይ የከፈለስ?"

"ልክ 12 ላይማ ከፍሏል፣ ምን ያስቀጣዋል።"

ተመለሰ። ሰርቨሩ ሰዓት የሚያስቀምጠው በዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት፣ ከኛ 3 ሰዓት ወደኋላ) ከሆነ ደግሞ የማታው 12 በፈረንጅ አቆጣጠር 18፡00 ነው፣ በዩቲሲ 15፡00። አንዱ ዴቨሎፐር 12 የሚለውን እንዳለ 12፡00 ብሎ ቢጽፈው ሰው ቅዳሜ በምሳ ሰዓት መቀጣት ይጀምራል። እንደዚ አይነት ስህተት ኮድ ሪቪው (ሌላ ዴቨሎፐር ኮዱን ሲያነበው) ላይ አይታይም፣ ምክንያቱም ኮዱ ላይ ያለው ቁጥርና ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው!

ሌላ ጥሩ ጥያቄ፦ ወርሃዊ ዕቁብም ይኖራል ወይ፣ ካለ ጳጉሜ ላይ መዋጮ አለ? ጳጉሜ 5 ቀን ናት፣ በ4 ዓመት አንዴ 6 (2015 ላይ 6 ነበረች፣ ቀጥሎ 2019 ላይ ነው)። ሲስተሙ "በየወሩ" የሚለውን 13 ወር ብሎ ከያዘው ለአምስት ቀን ሙሉ መዋጮ ሊጠይቅ ነው፣ በጎርጎርዮስ ወር ከያዘው ደግሞ ቀኑ ሰው ከሚያውቀው ይንሸራተታል። ይሄን ሞዴሉ ራሱ ላያነሳው ይችላል፣ እናንተ ጨምሩበት።

ተጠይቆ ተመልሶ የወጣው ህግ እንበል ይሄ ሆነ፦

መ-1፦ መዋጮ 2,000 ብር ነው፣ መዝጊያው ቅዳሜ ማታ 12፡00፣ ልክ 12፡00 ላይ የከፈለ በጊዜው ከፍሏል።
መ-2፦ ከዛ በኋላ የከፈለ 100 ብር ቅጣት ጨምሮ 2,100 ይከፍላል።
መ-3፦ እሁድ ቀን 6፡00 ካለፈ የከፈለ ክፍያው ከነቅጣቱ ይመዘገባል ግን የዛን ሳምንት ዕጣ አይገባም።
መ-4፦ በዙሩ አንዴ የደረሰው ድጋሚ ዕጣ አይገባም፣ መዋጮውን ግን ይቀጥላል።
መ-5፦ የደረሰው ሰው ብሩን የሚወስደው 2 ዋስ ሲያቀርብ ነው፣ ዋሶቹ ገና ያልደረሳቸው አባላት መሆን አለባቸው።
መ-6፦ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ያልከፈለ ይታገዳል፣ የታገደ ዕጣ አይገባም።

ከአራት ዓረፍተ ነገር ስድስት ህግ፣ እገዳ የሚባለው ደግሞ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ጭራሽ አልነበረም።

ጫፍና ቅንብር ለፕሮግራም

እዚ ጋር ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። የጫፍ ቁጥሮችን (ህጉ የሚቀየርባቸውን ድንበሮች) ሞዴሉ እንዲያወጣ መተው አልወድም፣ አንዴ በትክክል ያወጣል አንዴ አንዱን ይዘላል፣ ሰዓት ሲቀይር ስድስት ሰዓቷን መጨመር ይረሳል። ይሄ ሂሳብ ነው፣ ትንሽ የፓይተን ስክሪፕት ይሰራዋል፦ ለእያንዳንዱ ጫፍ ከሱ በፊት፣ እሱ ራሱ፣ ከሱ በኋላ። ለሰዓት አንድ ሰከንድ፣ ለብር አንድ ሳንቲም። ሞዴሉ የሚሰራው ህጉን አንብቦ ጫፎቹን በጄሰን (ፕሮግራም በቀላሉ የሚያነበው አጻጻፍ) ፎርማት ማውጣት ብቻ ነው (ህግ ቁጥር፣ የጫፉ ዋጋ፣ ውስጥ ነው ውጭ)፣ ስክሪፕቱ ከዛ ይቀጥላል። በዚ መንገድ መ-1 እና መ-3 ብቻቸውን ስድስት የሰዓት ኬስ ይሰጧችኋል። ብሩ ላይ ደግሞ 1,999.99 ሲከፈል ምን ይሆናል፣ 2,000.01 ሲከፈልስ? ጎዶሎና ትርፍ ክፍያ ምን እንደሚደረግ ህጉ ላይ የለም፣ እንደገና ጥያቄ።

ሁኔታዎች ሲደራረቡ የውሳኔ ሰንጠረዥ አስወጡ። ዕጣ ውስጥ ለመግባት ሶስት ነገር ይታያል፦ እሁድ ቀን 6፡00 ሳያልፍ ከፍሏል ወይ፣ ከዚ በፊት ደርሶታል ወይ፣ ታግዷል ወይ። ሶስት አዎ-አይደለም 8 መስመር ነው፣ ከ8ቱ አንዷ ብቻ ናት ዕጣ ውስጥ የምታስገባው። ሞዴሎች እንደፈለጉ ሲጽፉ ያችን አንዷን እና "ያልከፈለ አይገባም" የምትለዋን ጽፈው ያልፋሉ፣ "ከፍሏል ግን ደርሶታል" የሚለው መስመር ግን ይቀራል፣ ለዕቁብ ደግሞ እሱ ነው ዋናው፣ ብሩን ወስዶ እየከፈለ ያለ ሰው ድጋሚ ቢወጣለት ዕቁቡ እዛው ይፈርሳል።

ህግ ሳይሆን አካባቢ የሆኑ ነገሮች ሲበዙ ደግሞ ፔርዋይዝ አለ። ክፍያው በቴሌብር፣ በሲቢኢ ብር፣ ወይ በጥሬ ብር ለጸሐፊው፤ ቋንቋው አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይ እንግሊዝኛ፤ ስልኩ አንድሮይድ፣ አይፎን ወይ ባለቁልፍ፤ ኔትወርኩ ደህና፣ ደካማ ወይ የሚቆራረጥ። ሁሉንም ካቀላቀላችሁ 81 ነው፣ ማንኛውም ሁለት ዋጋ ቢያንስ አንዴ አብሮ እንዲገኝ ብቻ ከሆነ 9 ይበቃል። የማይክሮሶፍት ፒክት የሚባል በነጻ የሚገኝ ትንሽ ፕሮግራም ይሄን ይሰራል፣ "ባለቁልፍ ስልክ ላይ አፕ የለም በዩኤስኤስዲ (በኮከብና መሰላል ተደውሎ) ብቻ ነው" የሚል አይነት ገደብም መጻፍ ይቻላል። ፔርዋይዝን ግን ለዕጣው ህግ እንዳትጠቀሙበት፣ እዛ ሶስቱም አብረው ናቸው የሚወስኑት፣ 8ቱም መስመር ይሞከር።

ዙሩን እስከመጨረሻው ማጫወት

ይሄኛው ክፍል ነው እኔን የሚያስደስተኝ። እስካሁን ያወጣነው ኬስ ሁሉ አንድ ሳምንትን ነው የሚያየው። ዕቁብ ግን ዙር አለው፣ እና አንዳንድ ባግ (የፕሮግራም ስህተት) ዙሩ ሲያልቅ ነው የሚወጣው። መ-5ን እንደገና አንብቡት፦ ዋሶቹ ገና ያልደረሳቸው አባላት መሆን አለባቸው። እሺ፣ ዙሩ መጨረሻ ላይ የቀረው አንድ ሰው ነው፣ ዕጣው ደረሰው፣ ማን ዋስ ይሁነው? ያልደረሰው የለም። ከሱ በፊት ያለውም አንድ ዋስ ብቻ ነው ማግኘት የሚችለው፣ ህጉ ደግሞ ሁለት ይላል። ሲስተሙ ህጉን በትክክል ከተከተለ የሁለት ሰው ብር ተቆልፎ ይቀራል። ህጉን ለየብቻ ስታነቡት ምንም ስህተት የለውም፣ ሰዎቹም በልማድ የመጨረሻውን ሰው ዋስ አይጠይቁትም ነበር፣ ከዛ በኋላ የሚቀርበት ዕዳ የለማ፣ ግን ማንም አልጻፈውም።

ይሄን ለማግኘት ለሞዴሉ "ከነዚህ ህጎች በመነሳት ዙሩ ሙሉ ሲሆን ሁሌ እውነት መሆን ያለበትን ነገር ጻፍ" በሉት። ጥሩ መልስ እንደዚ ይመስላል፦ ዙሩ ሲያልቅ እያንዳንዱ ያልታገደ አባል በትክክል አንዴ ወስዷል፤ የገባው ብርና የወጣው ብር ልዩነት የቅጣቱ ድምር ነው። እነዚን ወስዳችሁ ፓይተን ላይ ሃይፖተሲስ በሚባለው ላይብረሪ ጻፏቸው፣ እሱ የአባላቱን ብዛት፣ ማን መቼ እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረ ራሱ እየቀያየረ ብዙ ዙር ያጫውትና ህጉ የሚሰበርበትን ሲያገኝ ወደ አጭሩ ምሳሌ ያሳጥርላችኋል። የአባላት ብዛት ቢያንስ ሁለት ይሁን ካላችሁት የዋሱን ችግር በሁለት አባላት ብቻ ያሳያችኋል፣ ያን ያህል ትንሽ ስለሆነ ለጸሐፊውም በቀላሉ ይገባቸዋል።

ኬሱን መጻፍ

አሁን ይጻፍ። ባለቤቱ እንዲያነበው ከፈለጋችሁ ገርኪን ላይ ጻፉት፣ ኪዩከምበር የሚባለው የቴስት ፕሮግራም የሚያነበው ፎርማት ነው፣ አማርኛም ይችላል። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የምትጽፉት የቋንቋ ኮድ ሶስት ፊደል ነው፣ ኤ ኤም ኤች፤ ኤ ኤም ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ አርመንኛ ነው የሚጠብቀው። ከቁልፍ ቃሉ (ስራ፣ ሁናቴ ዝርዝር፣ ምሳሌዎች) ቀጥሎ ያለችው ሁለት ነጥብም የእንግሊዝኛ ኪቦርዷ ናት፣ የአማርኛ ኪቦርድ ላይ ያለችው ፡ አትሰራም፣ ኤረሩን እያያችሁ ጸጉራችሁን እንዳትነጩ።

@መ-1 @መ-2 @መ-3
ስራ: የሳምንት መዋጮ

  ሁናቴ ዝርዝር: መዋጮ በተለያየ ሰዓት ሲከፈል
    የተሰጠ አባሉ የዚህን ሳምንት መዋጮ አልከፈለም
    መቼ <ቀን> <ሰዓት> ላይ ለመክፈል ሲገባ
    ከዚያ የሚጠየቀው <ብር> ብር ነው
    እና ከከፈለ በኋላ የዚህ ሳምንት ዕጣ ውስጥ <ዕጣ>

    ምሳሌዎች:
      | ቀን | ሰዓት | ብር | ዕጣ |
      | ቅዳሜ | 17:59:59 | 2000 | ይገባል |
      | ቅዳሜ | 18:00:00 | 2000 | ይገባል |
      | ቅዳሜ | 18:00:01 | 2100 | ይገባል |
      | እሁድ | 11:59:59 | 2100 | ይገባል |
      | እሁድ | 12:00:00 | 2100 | ይገባል |
      | እሁድ | 12:00:01 | 2100 | አይገባም |

ሰንጠረዡ ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ 18:00 የማታው 12፣ 12:00 ደግሞ የቀኑ 6። አማርኛው ትንሽ ይጎረብጣል፣ ምንም አይደል፣ ሰንጠረዡን ፕሪንት አድርጋችሁ ብትሰጧቸው ጸሐፊው በእስክሪብቶ ያርሙላችኋል። ሞዴሉ ኬስ ሲጽፍ ግን አንድ ግዴታ ጣሉበት፦ እያንዳንዱ ኬስ የህግ ቁጥሩን ይያዝ፣ ከህጉ ላይም የመጣበትን ቃል እንዳለ ይጥቀስ። መጥቀስ ያቃተው ኬስ ወደ ጥያቄ ዝርዝር ይሂድ፣ ቴስት ውስጥ አይግባ። የተጠቀሰው ቃል እውነት ዶክመንቱ ውስጥ መኖሩን በስክሪፕት ፈልጉት፣ ጽሁፍ ፍለጋ ብቻ ነው፣ ከራሱ የፈጠረው እዛው ይያዛል።

አንድ ትልቅ ክልከላ፦ የሚጠበቀውን ውጤት ኮዱን አይቶ እንዲጽፍ አታድርጉ። ኮዱ ላይ የማታው 12 ተሳስቶ 12፡00 ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ሞዴሉ ያንኑ አንብቦ "ትክክል ነው" የሚል ቴስት ይጽፍላችኋል፣ ሁሉም አረንጓዴ ይሆናል፣ ባጉም ማህተም ተመቶበት ያልፋል። ኮዱን የሚያየው የፈንክሽኑን ስም ለመጥራት ያህል ብቻ ይሁን።

ማንም የማይጽፋቸው

ማንም ደንበኛ ዶክመንት ላይ የማይጽፋቸው ግን እዚ ከተማ ላይ የማይቀሩ ነገሮች አሉ፣ እነሱን በአንድ ፋይል ይዛችሁ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ከሪኳየርመንቱ ጋር ለሞዴሉ ስጡት። የመጀመሪያው ኔትወርክ ነው። አባሉ ከፈለ፣ ብሩ ከቴሌብር ወጣ፣ ማረጋገጫው ሳይመለስ ኔት ተቋረጠ፣ ሰውየው ቅዳሜ 11፡58 ላይ ነው ያለው ቅጣት ፈርቶ እንደገና ተጫነ። ሁለቴ ይቆረጥበታል? ማረጋገጫው 12፡03 ላይ ቢመጣስ የሚቆጠረው የከፈለበት ሰዓት ነው ወይስ የደረሰበት? የዕቁብ አፕ ላይ ሰው የሚጣላበት ኬስ ይሄ ነው የሚሆነው፣ እና ከስድስቱ ህግ አንዱም አይመልሰውም።

ስም ደግሞ አለ። የአያት ስም ግዴታ የሆነበት ፎርም፣ "ላስት ኔም" የሚል ሳጥን፣ ፀሐይ ብሎ የተመዘገበን ሰው ጸሀይ ብሎ መፈለግ። ስልክ በ09 ወይ በ07 ጀምሮም በ+251 ጀምሮም ይገባል፣ ያው ቁጥር በ0 ቢጻፍም በ+251 ቢጻፍም አንድ ሰው መሆን አለበት። ኤስኤምኤስ በላቲን 160 ፊደል ይይዛል፣ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው፣ ከዛ ካለፈ ለሁለት ይከፈልና ዋጋው እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚ "ዕጣ ደርሶዎታል" የሚለውን መልእክት ረጅም ስም ካለው አባል ጋር ሞክሩት።

ቴስቱ ራሱ ይሰራል ወይ

ኬሶቹ ሁሉ ማለፋቸው ብዙ አይነግርም። ኮዱን ሆን ብላችሁ አበላሹት፦ "እስከ 12፡00 ድረስ" የሚለውን "ከ12፡00 በፊት" አድርጉት፣ 100ውን 10 አድርጉት፣ የደረሰውን የሚያስወጣውን መስመር አጥፉት። በእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ቴስት ቀይ መሆን አለበት፣ ካልሆነ ያ ህግ ያልተሞከረ ነው። ይሄን በራሱ የሚያደርጉ አሉ፣ ለፓይተን ሙትሙት፣ ለጃቫስክሪፕት ስትራይከር፣ ለጃቫ ፒት።

ሌላ አንድ ነገር፣ የደንበኛ እውነተኛ ስምና ስልክ ያለበትን ሊስት ውጭ ያለ ሞዴል ላይ አትለጥፉ፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፣ ደግሞም ለቴስት እውነተኛ ስልክ አያስፈልግም። ዶክመንቱ ራሱ ሚስጥር ከሆነ ኦላማ ጭናችሁ ራሳችሁ ማሽን ላይ ትንሽ ሞዴል አስኪዱ፣ አማርኛው ይደክማል፣ ያኔ ህጎቹን ተርጉማችሁ መስጠት ሊኖርባችሁ ነው።

ህግ ሲቀየር (ይቀየራል፣ ከሁለት ወር በኋላ ቅጣቱ 150 ይሁን ይላሉ) ሁሉንም እንደገና አታስወጡ። መ-2ን ቀይሩ፣ መ-2 የሚል ታግ (በ@ የጻፍናት ምልክት) ያላቸውን ኬሶች ብቻ አስጽፉ፣ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ልዩነቱን አንብቡት። ቅጣቱ ብቻ ተቀይሮ የዕጣው ኬስ ላይም ለውጥ ካያችሁ ሞዴሉ ሌላ ቦታ ነካክቷል ማለት ነው፣ ያንን መልሱትና ለምን እንደነካው ህጉን ጠቅሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት።